ማሰሮ አይመለስም

አማቴን እማማ ዪንሁዋን ከቀበርናቸው ዛሬ ሠላሳ አምስተኛ ቀናቸው ነው። በየሰባት ቀኑ መቃብራቸው ዘንድ ወጥተን ወረቀት እናቃጥላለን፤ የዛሬው አምስተኛው ነበር። ነፋሱ አመዱን አምጥቶ ፊቴ ላይ በተነው። የባሌ ታላቅ ወንድም ሚስት ዩንሺያ አጠገቤ ተንበርክካ ነበርና በክርኗ ጎነጥ አድርጋኝ፣ «አየሽ፣ አሁንም አልለቀቁሽም» አለችኝ። እውነቷን ነው። አማቴ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ አልለቀቁኝም።

ቤት ስገባ የመድኃኒት ማፍያው ማሰሮ መስኮቴ ላይ ነበር። እዚያ ከተቀመጠ አንድ ወር አለፈው፤ ባየሁት ቁጥር ግን አዲስ ይሆንብኛል። እንዴት እዚያ እንደደረሰ ልጻፈው።

እኔ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። ያደግሁት ቲየንሹይ ከተማ፣ ከጣቢያው ጀርባ በተደረደሩት የሠራተኛ ቤቶች ውስጥ ነው። ባሌ ሥር ሊሸጥ ከሚን ወረዳ መጥቶ ከእኔ ጋር ተዋወቀ፤ ሥሩን በርካሽ ሸጦ እኔን ይዞ ተመለሰ። ሥሩ ዳንግጉዊ ይባላል። የሴት መድኃኒት ነው። በዚህ ሸለቆ ድንችና ገብስም ይበቅላል፤ ልጅ የሚያስተምረው፣ ጣራ የሚያስከድነው ግን እሱ ነው። በመከር ከመሬት ወጥቶ በአኻያ ቅርንጫፍ እየታሰረ ከጭስ በላይ ይሰቀላል፤ ሳምንታት ሙሉ መንደሩ በሙሉ እሱን እሱን ይሸታል። አዲስ ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ጠረኑ ፀጉሬ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሎኝ አልቅሻለሁ። የስሙ ትርጉም «መመለስ አለበት» ማለት ነው። ባሌ ገና ሲያግባባኝ ይህንኑ እየደጋገመ ያስቀኝ ነበር፤ ወደ አንቺ መመለስ አለብኝ እያለ።

እማማ ዪንሁዋ ሥር ለቃሚ ነበሩ። የሥሩን ራስ ከወገቡ፣ ወገቡን ከጭራው ሲለዩ እጃቸው አይታይም ነበር። ራሱ ደም ያቆማል፣ ወገቡ ደም ይተካል፣ ጭራው የረጋ ደም ያፈሳል፤ ይህን በሰፈራችን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። እኔ አላውቅም ነበር። እኔ ብዙ ነገር አላውቅም ነበር።

በዚያን ጊዜ የወር አበባዬ ሲመጣ ሁለት ቀን ሙሉ አልጋ ላይ ያንከባልለኝ ነበር። አንዳንዴ አርባ ቀን ይዘገያል፤ ሲመጣ ጥቁርና የረጋ ነው። ከተጋባን ሁለት ዓመት ሆኖን ልጅ አልመጣም። አማቴ አንድም ቀን አልጠየቁኝም። መጠየቅም አላስፈለጋቸውም፤ የሚኖሩት ከታላቁ ልጃቸውና ከዩንሺያ ጋር፣ ከእኛ ፊት ለፊት ስለነበር ልብስ ማስጫዬን ቁጭ ብለው ያያሉ።

«በዚህ ወር አምስት ቀን ዘገየሽ» አሉኝ አንድ ጠዋት ድንች እየላጡ።

«እንዴት አወቁ እማማ?»

«ገመድሽ ይናገራል። አንቺማ ጥርስሽን ነክሰሽ ትኖሪያለሽ እንጂ መቼ ትናገሪያለሽ? ተነሽ፣ አባባ ቺ ዘንድ እንሂድ።»

አባባ ቺ የሸለቆው ሐኪም ናቸው። ሦስት ጣታቸውን የእጄ አንጓ ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ምላሴን አዩ።

«ማህፀኗን ብርድ ገብቶታል» አሉ። «ልጅ ሆነሽ፣ ደምሽ እየመጣ በቀዝቃዛ ውኃ ታጠቢ ነበር?»

«አዎ፣ የጣቢያው ቧንቧ ክረምት ከበጋ ቀዝቃዛ ነው።»

«ከተማ ሙቅ ውኃ የለም እንዴ?» አሉ አማቴ። «ባቡሩ ታዲያ በምን ይሄዳል?»

አባባ ቺ እየጻፉ ነበር፤ ቀና ሳይሉ፣ «ባልዋንም አምጪልኝ» አሏቸው። «የሱንም የደም ሥር ልየው። ሁልጊዜ ሴቷን ብቻ ነው የምታመጡልኝ።»

«የኔ ልጅ ምን ሆነ? እንደ በሬ ነው የሚበላው!»

«በሬም እኮ አይወልድም፣ ዪንሁዋ።»

አማቴ መንገዱን ሙሉ ሳቁ። በየደጁ እየቆሙ ለጎረቤት ሁሉ አወሩት። ባሌ ሳምንት ሙሉ ከቤት መውጣት አፈረ፤ አባባ ቺ ዘንድ ግን አልሄደም።

የታዘዘልኝ የዳንግጉዊ ጭራ፣ ዝንጅብል፣ የቀረፋ ልጥና ቀይ የሱፍ አበባ ነበር። መድኃኒት በብረት ድስት አይፈላም፤ የሸክላ ማሰሮ ይፈልጋል። በመንደራችን ደህና ማሰሮ አንድ ብቻ ነበር፤ ጥቁር፣ አጭር እጀታ ያለው፣ አፉ የወፍ አፍ የሚመስል። እሱም ዩንሺያ ዘንድ ነበር። ዩንሺያ ስድስት ዓመት ጠጥታበታለች። ሁለት ፅንስ ወርዶባታል። በዚያ ዓመት ግን ይዞላት፣ ሁለተኛ ወሯን ልትጨርስ ነበር። ቤቱ ሁሉ ትንፋሹን ውጦ የሚጠብቀው ያንን ልጅ ነበር። አማቴ እንኳ ድምፃቸውን ቀንሰው ነበር፤ ለእሳቸው ያ ትልቅ ነገር ነው።

ማሰሮውን ልዋስ ስሄድ ዩንሺያ በእጄ አልሰጠችኝም። መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው፣ ጀርባዋን ሰጠችኝና ጮክ ብላ፣ «አሳማውን ላበላ ነው!» ብላ ሄደች። አንስቼ ወሰድኩት። በእናቴ ቤት ዕቃ የሚያውስ ሰው ፊቱን አያዞርም። ማዋሱ ቅር ብሏት መሰለኝ፤ ያ ነገር በሆዴ ቀረ።

አንድ ወር ከግማሽ ጠጣሁ። አማቴ ዝቃጩን መንገድ ላይ አስደፉኝ፤ የሚያልፍ ሰው በእግሩ ረግጦ በሽታውን እንዲበትነው። ሁለተኛው ደሜ ሲመጣ ጠዋት ተነሥቼ ውኃ ቀዳሁ፣ እንጨት ፈለጥኩ፤ ያመመኝ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ብቻ ነበር። ደስ አለኝ። ማሰሮውን በአመድ ፈትጌ እስኪያበራ አጠብኩት። እናቴ የሰው ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ነው ብላ ነው ያሳደገችን፤ አሥራ ሁለት እንቁላል ሞላሁበትና መንገዱን ተሻግሬ ገባሁ።

ዩንሺያ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ የሕፃን ጫማ ትሰፋ ነበር። ጫማው የነብር ፊት ነበረው፤ አንዱ ዓይን ገና አልተሰፋም።

«እትዬ፣ ማሰሮሽን አመጣሁልሽ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ጫማው ከጭኗ ወደቀ። አማቴ እጃቸው ሊጥ እንደሆነ ከኩሽና ወጡ።

«ምንድነው የያዝሽው?»

«ማሰሮው እማማ፤ አጥቤ...»

«ማሰሮ ይመለሳል እንዴ!»

ጩኸቱ አስደነገጠኝና አንድ እንቁላል ከላይ ተንከባሎ መሬት ላይ ፈረጠ።

«የት አገር ነው ማሰሮ የሚመለሰው? ማነው ያስተማረሽ?»

«አታውቅም እኮ እማማ» አለች ዩንሺያ።

«አንቺ ዝም በይና ግቢ! እንዳትነኪው! ስድስት ዓመት ሙሉ ሬት ሬት የሚል ስትጠጪ ኖረሽ፣ አሁን ያዘልን ስንል ይቺ ከተሜ በሽታሽን በእንቁላል አጅባ አመጣችልሽ!»

ያን ቀን ነው ያወቅሁት። የመድኃኒት ማሰሮ አይመለስም። መጨረሻ የታመመው ሰው ዘንድ ይቀመጣል። የሚቀጥለው ሕመምተኛ ራሱ መጥቶ ይወስዳል፤ ባለቤቱም በእጁ አይሰጥም፣ መስኮት ላይ አስቀምጦ ፊቱን ያዞራል፤ በሽታ በእጅ እንዳይቀበሉት። ማሰሮ መልሶ ያመጣ ሰው ያመጣው ሕመሙን ነው ይባላል። ዩንሺያ ጀርባዋን የሰጠችኝ ለእኔው ብላ ነበር።

አማቴ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ አውጥተው ወደ ቀሚሳቸው ጨመሩ። «እንቁላሉስ ምን አጠፋ» አሉ። ማሰሮው ላይ ግን እባብ እንደሆነ ሁሉ ቅርጫት ደፉበት።

በአራተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ዩንሺያ ደም አየች።

ከደጃችን ቆሜ የባሌ ወንድም ሲሮጥ አየሁት፤ አባባ ቺን በብስክሌት ኋላ ጭኖ ሲመለስም አየሁት። መግባት አልቻልኩም። እግሬ መንገዱን አልሻገር አለኝ። ድምፃቸው ግን ይሰማኝ ነበር።

«ከመደቡ እንዳትወርድ» ይላሉ አባባ ቺ። «እግሯ መሬት እንዳይነካ። በትራክተር ወደ ሆስፒታል ብትወስዷት መንገጫገጩ ይብስባታል፤ የዚያውን ሐኪም እዚህ አምጡ። እስከዚያ ይህን አፍልታችሁ ስጧት። ከዳንግጉዊው ጭራው እንዳይገባ! አንድ ክር እንኳ!»

«ስለ ጭራ ለኔ ትነግረኛለህ?» አሉ አማቴ። ጣራው ሥር ወጥተው ከነጋዴ ደብቀው ያስቀመጡትን፣ ቡጢ የሚያህል የዳንግጉዊ ራስ አወረዱ። የጭቁኝ ዓይነት ቅጠልም ነበረበት፣ የአህያ ቆዳ ሙጫም። ሁሉም ተሟላ። የሚፈላበት ግን ጠፋ።

«አዲስ ልግዛ» አለ የባሌ ወንድም።

«ገበያው ከነገ ወዲያ ነው፣ አንተ!»

ያለው ቅርጫት የተደፋበት ብቻ ነበር። በዚያ ማሰሮ፣ ተመልሶ በመጣው፣ አማቴ ለዩንሺያ አያፈሉም፤ ቢሞቱ አያፈሉም። ከዚያ በሩ ላይ ወጥተው ጮኹብኝ።

«ከተሜ! ነይ ማሰሮሽን ውሰጂ!»

መንገዱን ተሻግሬ ሄድኩ። ቅርጫቱን አነሱልኝ። ዓይኔን አላዩኝም።

«ቤትሽ መስኮት ላይ አድርጊው። ግቢና ፊትሽን አዙሪ። እንዳታስዪ እንኳ።»

እንዳሉኝ አደረግሁ። ግድግዳውን እያየሁ ቆሜ ነገሩ ገባኝ፤ መመለሱን ሊያጠፉት ነው። ማሰሮው ከእኔ ዘንድ እንዳልወጣ ይሆናል፤ አሁን የታመመችው ራሷ መጥታ በወጉ ትወስደዋለች። ግን የታመመችው ዩንሺያ ናት። ዩንሺያ መሬት መርገጥ የለባትም። ታዲያ ማን ሊመጣ ነው?

የእግር ኮቴ ሰማሁ፤ ቀስ ያለ፣ የተጎተተ። መዞር የለብኝም ነበር። ዞርኩ። መስኮቱን በሸፈነው ወረቀት ላይ በነበረች ቀዳዳ አየሁ።

አማቴ ናቸው። ያኔ ሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ነበር፣ አጥንተ ትልቅ፣ ትከሻቸው እንደ ወንድ። የዩንሺያን ቀይ የሰርግ ካፖርት ለብሰዋል። ቁልፉ አልተዘጋላቸውም፤ እጅጌው ክርናቸው ላይ ቀርቷል። ባለ አበባውን ሻሿን አገጫቸው ሥር አስረው፣ አንድ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው፣ በእርጉዝ ሴት አረማመድ መንገዱን ይሻገራሉ። ጎረቤቱ ሁሉ በየደጁ ወጥቶ ቆሟል።

«ዩንሺያ፣ ዛሬስ አረጀሽ!» አሉ ከማዶ ፂማሙ ሽማግሌ።

«እርጉዝ ሴት አትልከፍ፣ አንተ ፍየል!» አሉ አማቴ በራሳቸው ድምፅ። ከዚያ ወዲያው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ መስኮቴ ሥር ሲደርሱ፣ እንደ ዩንሺያ ቀጭን ድምፅ አውጥተው፣ «እህቴ ዌንሹ፣ ማሰሮሽ ሥራ ፈትቷል ወይ?» አሉ።

ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር። ዩንሺያ ያለችውን አልኩ።

«እትዬ... አሳማውን ላበላ ነው።»

«አሳማ የላችሁም እኮ!» አለ የአማቴ ድምፅ። ከዚያ እንደገና ቀጭኑ፣ «እሺ እህቴ፣ ሂጂ አብዪ።»

ማሰሮው ሲነሳ ሰማሁ። የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። ከወረቀቱ ማዶ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እያለቀስሽ ነው» አሉኝ። «ሰምቼሻለሁ። ማልቀስሽ ካልቀረ ነይና እሳቱ ዘንድ አልቅሺ፤ የሚያነድልኝ ሰው የለም።»

ሄድኩ። አርባ ቀን ሙሉ እሳቱን ያነደድኩት እኔ ነኝ። በማግሥቱ የሆስፒታሉ ሐኪም በሞተር ብስክሌት መጥታ አየቻት፤ ይህ ብዙ ሴት ላይ ይደርሳል፣ የማንም ጥፋት አይደለም፣ ትተኛ ብላ ሄደች። አማቴ ሻይ ሰጥተው ሸኟት፣ ስለ ማሰሮው ምንም አልነገሯትም። ዩንሺያ መደቡ ላይ ተኝታ የነብሩን ሁለተኛ ዓይን ሰፋች። በየጠዋቱ አማቴ ጨርቋን ይዘው ወደ ብርሃን ይወጡና ያዩታል። እኔ እሳቱ ዘንድ ሆኜ ፊታቸውን አነብባለሁ። በስድስተኛው ቀን ጨርቁን አይተው አጣጠፉትና፣ «ምሳ ምን አለ?» አሉ። ደሙ ቆሞ ነበር።

ልጅቷ የተወለደችው ድንቹ ሲያብብ ነው። ቀይ፣ ትንሽ፣ ጩኸቷ የአያቷ። አባቷ ደህና ስም አወጣላት፤ መዝገብ ላይ ያለው እሱ ነው። አማቴ ግን ገና እትብቷ ሳይደርቅ ጓንጓን አሏት። ማሰሮ፣ ማሰሮዬ እንደማለት ነው።

«እማማ፣ ለሴት ልጅ ይህ ምን ስም ነው?» አለች ዩንሺያ።

«ከዚህ የበለጠ የት ይገኛል? ማሰሮ አይመለስም። ከመጣችበት አትመለስም ማለት ነው፤ እዚሁ ትቀራለች።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አይደለም ወይ፣ ከተሜ?» አሉኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ማሰሮውን በወጉ ከዩንሺያ መስኮት ወሰድኩት። ወንድ ልጄ የመጣው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። መድኃኒቱ ይሁን፣ ወይስ ባሌ በመጨረሻ አባባ ቺ ዘንድ መሄዱ፣ አላውቅም። ከዚያ ሰዉ በኤሌክትሪክ ማፍላት ጀመረ፤ የሚወስደው ጠፍቶ ማሰሮው እኔው ዘንድ ቀረ።

አንድ ጊዜ፣ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ሥር እየለቀምን ሳለ ጠየቅኋቸው። «እማማ፣ ያኔ በካፖርቱ ነገር እውነት አምነው ነበር?»

ከሥሩ ጭራውን ቆርጠው ወደ ጎን ጣሉት። «እኔ ምን አውቃለሁ?» አሉ። «አንዷ ምራቴ ተኝታ ስትደማ፣ አንዷ ደጅ ቆማ ስትደርቅ አያለሁ። አራት ቀን እህል እንዳልቀመስሽ ባልሽ ነግሮኛል። ለሁለታችሁም የነበረኝ አንድ ካፖርት ነው። ለበስኩት።»

ባለፈው ክረምት ሳንባቸውን አመማቸው። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነበር። ሆስፒታሉ ወደ ቤት መለሳቸው፤ ዩንሺያ በኤሌክትሪኩ ልታፈላላቸው ስትል «ሽቦ ያፈላውን አልጠጣም» ብለው አፋቸውን ገጠሙ። ማሰሮው ያለው እኔ ዘንድ፣ እሳቸው ከመደብ አይነሱም። የሚደረገውን አውቅ ነበር። ጥቁር ካፖርታቸውን ለበስኩ፣ በትራቸውን ያዝኩ፣ ጎንበስ ብዬ መንገዱን ተሻገርኩና በገዛ ቤቴ መስኮት ሥር ቆሜ ጮኽኩ።

«አንቺ ከተሜ! ማሰሮሽ ሥራ ፈትቷል?»

ባሌ ከውስጥ፣ በዚያ በወፍራም ድምፁ፣ እያፈረ፣ «አሳማውን ላበላ ነው» አለ።

ማሰሮውን ይዤ ስገባ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ሊስቁ ፈልገው ሳል ያዛቸው። ሳሉ ሲተዋቸው፣ «ሰፋሽ» አሉኝ። «የእኔን ያኔ ብታዪው፣ ብብቱ ላይ ሁለት ቦታ ነው የተቀደደው።»

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር አረፉ። ማሰሮው እሳቸው ዘንድ ቀረ። የሞተ ሰው ማሰሮ መንገድ መገናኛ ላይ ይሰበራል፤ በቀብሩ ዕለት ግን ማንም አላነሳው፣ እኔም አላስታወስኩም፣ ወይም አላስታወስኩም አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ጓንጓን በሬን ገፍታ ገባች። ላንጆ ከተማ ልብስ ቤት አላት፤ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ለቀብር መጥታ ነጩን የሐዘን ልብስ ገና አላወለቀችም። በሁለት እጇ ማሰሮውን ይዛለች። በአመድ ታጥቧል። ያበራል። እንቁላል ሞልቶበታል።

«አንቺ ልጅ! ማሰሮ ይመለሳል እንዴ!» ብዬ ጮኽኩ። ድምፁ የእኔ አልነበረም።

ሳቀች፤ ዓይኗ ግን ሞልቶ ነበር። «እንዲህ ብለሽ እንደምትጮኺ ነግራኛለች።»

«ማን?»

«አያቴ ናታ። ከመሞቷ ሁለት ቀን በፊት። "ስሞት ማሰሮውን እጠቢና ለከተሜዋ ውሰጂላት፤ ከሞተ ሰው ዘንድ ተመልሶ የሚመጣ በሽታ የለም። እንቁላሏንም መልሺላት፤ ያኔ ጠብሰን በልተንባታል" አለችኝ።»

ማሰሮውን ተቀበልኳት። በእጅ፣ ከእጅ። ደፉ ላይ ተቀመጥኩና ማሰሮውን ጭኔ ላይ አድርጌ እንቁላሎቹን ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ናቸው። እንደገና ቆጠርኩ።

«አክስቴ፣ ልክ ነው» አለች ጓንጓን ከጎኔ ቁጭ ብላ። «አንዱን የሰበርሽው አንቺው ነሽ ብላለች።»